የምትስቀው መዶሻ

«እንደ አምናው ይሁን፤ ያችኑ የምትስቀዋን መዶሻ ሥሩልኝ» አሉ ጋሽ ገሠሠ፣ በማተሚያ ቤቱ ደጃፍ የጫማቸውን ጭቃ እያራገፉ። «ፌስታሉ ግን እጥፍ ይሁን። ዘንድሮ ለመስቀል ከአዲስ አበባ የማይገባ ሰው የለም ብለውኛል።»

የማዕዶት አባት ፍቅሩ ፊቱ በራ። ነሐሴ ቡታጅራ ውስጥ ለማተሚያ ቤት ክፉ ወር ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ፣ ሠርግ የለ፣ የጥሪ ካርድ የሚያሳትም የለ። አባትና ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ዝናቡን ሲያዩ ነው የከረሙት። ጋሽ ገሠሠ ደግሞ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው፤ ትእዛዛቸው ቤቱን መስከረምን ያሻግረዋል።

«ሰማሽ አይደል፣ ሰዓሊዋ?» አላት አባቷ እየሳቀ።

ማዕዶት ሰምታለች። መዶሻዋ የእሷ ናት። አምና በሚሊኒየሙ መስቀል ዓይንና ጥርስ አውጥታላት፣ ችቦ አስይዛት፣ ጋሽ ገሠሠም ፌስታል ላይ አሳትመው ሥጋ መያዣ ይሁን ብለው ለደንበኛው ሁሉ አድለው ነበር። ያን ሰሞን ከተማው መዶሻ በመዶሻ ሆነ። የማታውቃቸው ልጆች ሳይቀሩ «ሰዓሊዋ» እያሉ ይጠሯት ጀመር፤ እሷም ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር።

አሁን ግን ቀና ብላ ጋሽ ገሠሠን ማየት አልቻለችም። እጇ የሹራብ ኪሷ ውስጥ የታጠፈ ነገር ጨብጧል።

ነገሩን የሰጠቻት ጓደኛዋ ሳፊያ ናት። የእነ ሳፊያ ላም ቡሬ ማመስኳት ካቆመች ሰንብታ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ሲደርስ ነገሩ አልቆ ነበር። ሆዷ ሲከፈት የወጣው የፌስታል ድቡልቡል ነው። ሳፊያ ከመካከሉ አንዱን ጎትታ አጠበችና ማዕዶትን ከጓሮ እንሰቱ ሥር ጠርታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«ማዲ፣ ለእማዬ አላሳየኋትም። ወላሂ ለማንም አልናገርም» አለቻት።

ማዕዶት ፌስታሉን ዘረጋችው። ላሚቱ ሞታለች፤ መዶሻዋ ግን ጥርሷ እንኳ ሳይደበዝዝ ትስቃለች። ሳፊያ ብትሰድባት ይሻል ነበር። ያ ደግነቷ ነው አንጀቷን የበላው።

«በሉ እንግዲህ» አሉ ጋሽ ገሠሠ፣ በብብታቸው የያዙትን የበር ማጠፊያ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ለመቀመጥ እየተመቻቹ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። የእኔ ስም ደግሞ ከእንሴኖ እስከ ቡኢ ይነበብ።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። አባቷ ሥራውን ያገኛል፣ እሷም ሰዓሊ እንደተባለች ትቀጥላለች። አፏ ግን ቀደማት።

«ጋሼ፣ ፌስታል ላይ ከሆነ መዶሻዋን አልስልም።»

አባቷ ደነገጠ። «ማዕዶት! ምን ሆነሻል?»

ፌስታሉን ከኪሷ አውጥታ ማጠፊያው አጠገብ ዘረጋችው። ጋሽ ገሠሠ መነጽራቸውን አደረጉ። ስማቸውን አነበቡ።

«የአምናው ነው። ታዲያ ምን አለበት?»

«ከእነ ሳፊያ ላም ሆድ ነው የወጣው፣ ጋሼ።»

«የትኛዋ ሳፊያ?»

«የሳሌሃ ልጅ።»

ጋሽ ገሠሠ ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። ለመስቀል ክትፏቸው የሳሌሃን ቅቤ እንጂ የሌላ እንደማይቀምሱ አገር ያውቃል። ሚስታቸው ከሌላ ቤት ገዝታ ልታታልላቸው ሞክራ፣ ገና በመጀመሪያው ጉርሻ የያዟት ሰው ናቸው።

«ያች ቡሬዋ?»

«ቡሬ።»

ጋሽ ገሠሠ ፌስታሉን በጣታቸው ጫፍ አነሡት።

«እንግዲህ የገዛ ስሜ የገዛ ቅቤዬን በላው በሉኛ» አሉ። ሊስቁ ፈልገው አልሆነላቸውም። «ከመቃብር በላይ አልን እንጂ ከላም ሆድ ውስጥ መች አልን?»

ፍቅሩ ልጁንም ደንበኛውንም እያየ በሁለት ሐሳብ ተወጠረ። «ልጅ ናት ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉላት» አለ።

«ተዋት። ልጅስ ልጅ ናት፤ ፌስታሉ ግን የእኔ ነው።» ወደ ማዕዶት ዞሩ። «እሺ፣ ለሰው ምን ልስጥ? ባዶ እጄን እንኳን አደረሳችሁ ልበል?»

ማዕዶት ይህን ጥያቄ ጠብቃው ነበር። ወደ ውስጥ ገብታ ጠዋት የሰፋችውን ከረጢት ይዛ መጣች። ከባነር የተረፈ አቡጀዲ ነው፤ ማንጠልጠያው ከገበያ የተገዛ የእንሰት ቃጫ። ፊቱ ላይ «ገሠሠ» ብላ በብሩሽ ጽፋበታለች።

ጋሽ ገሠሠ አገላብጠው አዩት፣ ጫፍና ጫፉን ይዘው ወጠሩት። ከዚያ ማጠፊያዎቹን ከካርቶኑ እያወጡ ጨመሩበት፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ከመቀመጫቸው ተነሥተው አንጠለጠሉት። ጨርቁ ቻለ። አንደኛው ማንጠልጠያ ግን ከስፌቱ ላይ ሸርተት ብሎ ወለቀ፤ የማዕዶትም ጆሮ በሐፍረት ጋለ።

«ስፌቱ ሰነፍ ነው» አሉ። «ደግሞ ይህ ከፌስታል ይወደዳል። ለሁሉም አይዳረስም። ያልደረሰው ሲያኮርፍ ምን ልበለው?»

«አምና የሰጡት ፌስታል የት እንዳለ ይጠይቁት፣ ጋሼ» አለች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ድፍረቷ የታወቃት።

ፍቅሩ ሳቁን በሳል ደበቀ። ጋሽ ገሠሠ ግን ወደ ደጅ ተመለከቱ። ከአስፋልቱ ማዶ ቦዩ ሞልቶ ይፈሳል፤ የቱቦውን አፍ የዘጋው የፌስታል ክምር ነው። ስማቸው እዚያም እንዳለ ሳይጠረጥሩ አልቀሩም።

«እስከ ነገ ላስብበት» አሉ። «ፌስታሉን ተውኩ አላልኩም፤ እንዳትሳሳቱ።» ማጠፊያዎቹን እንደያዘ ከረጢቱን አቀፉት፣ ባዶውን ካርቶን እዚያው ትተው ወጡ።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«እኛ ካልሠራነው ወልቂጤ ሄደው ያሠሩታል» አለ ፍቅሩ።

«አውቃለሁ፣ አባ።»

«ተቆጥቼሽ አይደለም። የሳሌሃን ላም ሳስብ እኔም ሆዴ ይባባል። ግን ቤት አለን።»

ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። የማተሚያው ፍሬም እዚያ ተሰቅሏል፤ በላዩ በተወጠረው ስስ ጨርቅ ላይ መዶሻዋ እንዳለች ናት። ቀለም ማፍሰስ ብቻ ነው የሚቀረው።

«ራሴን አውቀዋለሁ» አለ አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ መጥተው ፌስታል ካሉኝ፣ ፍሬሙም እዚያው ከተሰቀለ፣ እሺ ማለቴ አይቀርም። ከታጠበ ግን ወጥሬ አይሆንም እላቸዋለሁ። ሥዕሉ ያንቺ ነው። እንደ ልብሽ አድርጊ።»

አውርዶ ሰጣትና ማሽኑን ሊወለውል ገባ።

ማዕዶት ፍሬሙን ይዛ በረንዳው ላይ ቆመች። ከዚህች የተሻለ ሥዕል ሠርታ አታውቅም፤ ይህንንም ታውቃለች። አንድ ጊዜ በጣቷ የመዶሻዋን ጥርሶች ዳሰሰች። ከዚያ ሳፋ አቀረበች፣ በረኪናውን አፈሰሰች፣ በብሩሹ ማሸት ጀመረች። መጀመሪያ ችቦው፣ ቀጥሎ ዓይኖቹ ሟሙ። ሳቋ ግን እልኸኛ ነበር፤ እስኪለቅ እጇ ዛለ።

ስትጨርስ ፍሬሙን ወደ ብርሃን አነሣችው። ጨርቁ ንጹሕ ነው፤ በዚያኛው በኩል የጎረቤት እንሰት ዝናብ ሲያንጠባጥብ ይታያል። ልቧ ቀለል አለ። ለከረጢቱ የሚሆነው አዲስ ሥዕል ላም እንደሚሆን ሳታስበው ገባት፤ ጆሮዋን ቀና ያደረገች ላም። ቡሬ አንዱ ጆሮዋ ነጭ ነበር።

«አባ፣ እነ ሳፊያ ቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ተጣራች።

«ምን ልታደርጊ?»

«የቡሬ ነጩ ጆሮ የቀኙ ይሁን የግራው ጠፍቶኝ።»

ፍሬሙን ይደርቅ ብላ ግድግዳውን አስደግፋ፣ ጃንጥላውን አንሥታ ወጣች።