ያለ ሞተር የተንቀጠቀጠች ጠብታ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ሲግናል አካባቢ የውሃ ፓምፕ ስጠግን አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው፣ ሞተር ሲመጣልኝ አስነስቼ ጀርባው ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አሳርፋለሁ፣ ጠብታዋ ከተርገበገበች ዘንጉን የሚይዘው ኩሽኔታ ተበልቷል፣ በቃ።

እማዬ ወገቧን ካመማት ወዲህ በየቅዳሜው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል አመጣላታለሁ። ያን ቅዳሜ ግን ዝናቡ፣ ዳገቱና ወረፋው ታሰበኝና፣ አትፍረዱብኝ፣ ጄሪካኑን ከጥገና ቤቴ ቧንቧ ሞልቼ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እቤታችን ገባሁ።

«ወረፋው እንዴት ነበር ልጄ?»

«ዛሬስ ደህና ነው እማዬ፣ ቶሎ ደረሰኝ።»

አማትባ ስትጠጣ አንዲት ጠብታ የጠረጴዛው መስታወት ላይ ወደቀችና መንቀጥቀጥ ጀመረች። መኪና ነው ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ፣ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ፍሪጁ ነው እንዳልል መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። መዳፌን መስታወቱ ላይ ዘረጋሁ፣ እመኑኝ፣ ንቅንቅ አይልም። አጠገቧ ከጃኬቴ የተንጠባጠበ የዝናብ ውሃ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ያቺ ብቻ ጠርዟ እየተሰበሰበ እየተዘረጋ ትርገበገባለች። ፈራሁ፣ በእጅጌዬ ጠረግኳት። እማዬ አየችኝ።

በማግስቱ ከስንት ወር በኋላ ሳትቃትት ማደሯን ነገረችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሳምንቱን ሙሉ ዓይኗን ስሸሽ ሰነበትኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በጠዋት ወጥቼ፣ ወረፋዬን ጠብቄ፣ እውነተኛውን ጠበል ይዤላት መጣሁ። ስቀዳላት ሆን ብዬ አንድ ጠብታ መስታወቱ ላይ ጣልኩ፣ አጎንብሼ አየሁ፣ ጸጥ ብላለች። ተመስገን ብዬ ቀና ስል ለካ እማዬም ወገቧን ይዛ አጎንብሳ ጠብታዋን እያየች ነው።

«ምነው፣» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የዛሬው ዝም አለ?»

ብርጭቆውን ሳትቀምሰው ወደኔ ገፋችው።

«ያለፈው ነው የተሻለኝ፣ ከዚያው ከቀዳህበት አምጣልኝ።»

ይኸው ነገ ቅዳሜ ነው፣ ወገቧ እንደገና ጀምሯታል፣ ከመኝታዋ ስትቃትት ይሰማኛል። እውነቱን ልነግራት ሦስት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ጄሪካኑን አጥቤ ደጃፍ አስቀምጬዋለሁ፣ ወዴት ይዤው እንደምሄድ ግን አላውቅም።