ታንከሩ ይታያል?

«ታንከሩ ይታያል?» አለች ታደለች ከወጥ ቤት፣ አንድ እጇን የሥራ ኮቷ ውስጥ እየከተተች።

ልጇ ስሂን ደብተሯን ይዛ በረንዳው ላይ ቆማለች። ታደለች አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ጭጋግና ደመና እየለካች ለፓይለቶች የምታሳውቅ ሠራተኛ ነበረች። አሁን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች። ልጇ የሳይንስ ፕሮጀክት ስትታዘዝ ጭጋግ መለካት ያስተማረቻት እሷ ናት፤ ርቀቱ የታወቀ ነገር መርጦ እስከየት እንደሚታይ መጻፍ ነው። ነዳጅ ማደያው ሁለት መቶ ሜትር፣ የውኃ ታንከሩ ስምንት መቶ። «ያላየሽውን እንዳትጽፊ፤ ፓይለቱ አንቺን አምኖ ነው የሚወርደው» ብላታለች።

ዛሬ ግን ቁጥሩ ጣጣ አለው። ትናንት ታደለች ሻወር ውስጥ ሳለች የቤተሰቡ ወዳጅ ጋሽ ወንድይራድ ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ ደውለው፣ ስልኩን ያነሳችው ስሂን ነበረች። የታደለች አባት፣ አባባ ወልደአምላክ፣ አዲስ አበባ ላይ አርፈዋል።

«ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር መጥተን እናረዳታለን። ብቻዋን መስማት የለባትም። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ሥራም እንዳትሄድብን» አሏት።

ስሂን አላለቀሰችም። ጥርሷን ቦረሸችና ተኛች። ማዘን እንዳለባት ታውቃለች፤ ሐዘኑ ግን ሊመጣላት አልቻለም። ውስጧ ድንዝዝ ብሏል።

አሁን ሰዎቹ አርባ ደቂቃ ዘግይተዋል። ጭጋጉ ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ ይዟቸው ይሆናል። የታደለች ሕግ ደግሞ የታወቀ ነው። ታንከሩ ካልታየ ባሱ ስለሚዘገይ ቁጭ ብላ ሻይዋን ትጨርሳለች፤ ከታየ ትወጣለች። ስሂን «አይታይም» ብትል በቃ፣ ሰዎቹ ይደርሳሉ፤ መናገሩም የእነሱ ጣጣ ይሆናል።

ጭጋጉ ግን ገለጥ ብሎ የታንከሩ እግር ሳይቀር ይታያል።

«ስሂንዬ! የምን መለጎም ነው? ባሱ ሊያመልጠኝ ነው እኮ!»

ስሂን «800» ብላ ጻፈችና ገባች።

«ይታያል፣ እማዬ።»

«በይ ቻው፤ ምሳሽን እንዳትረሺ» ብላ ታደለች ቦርሳዋን አነሳች።

ስሂን ቀድማት በሩ ጋ ደረሰች። ኮቱን ከእናቷ ትከሻ ላይ ቀስ ብላ አወለቀችና ወንበር ሳበችላት።

«ምን ሆነሻል? አሞሻል እንዴ?»

«ኖ። አይ ኤም ኦኬ። ቁጭ በይ።»

አጠገቧ ተቀምጣ የእናቷን እጅ ያዘች። እጇ ይሞቃል።

«እነ ጋሽ ወንድይራድ እየመጡ ነው» አለች። «እኔ ግን ቀድሜ ልንገርሽ። ስለ አባባ ወልደአምላክ ነው።»