ያላናገሯት ሙሽራ

ቀረጻው በተጀመረበት ዕለት፣ ተዋናይዋ ገና ልብስ ስትቀይር፣ ዳይሬክተሩ ሠራተኞቹን ግቢው ውስጥ ሰበሰበ።

«ከእሷ ጋር ማንም እንዳያወራ» አለ። «ሰላምታም ቢሆን።»

ፊልሙ በሟች አማቷ ቤት ብቻዋን ስለቀረች ሙሽራ ነበር። ቤቱ ውስጥ መንፈስ ይኑር፣ ወይስ የሙሽራዋ አእምሮ ይናወጥ፣ ተመልካቹ እስከ መጨረሻው አያውቅም። የሚያየው ፊቷን ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ያ ፊት ትወና እንዲሆን አልፈለገም።

ለተዋናይዋ የመጀመሪያ ፊልሟ ነበር። ጠዋት «እንዴት አደራችሁ?» ስትል የሚመልስላት የለም። ለምሳ ስትቀመጥ አጠገቧ ያሉት ሳህናቸውን ይዘው ይነሳሉ። ያወለቀችው ጫማ ሌላ ክፍል ይገኛል። ቀረጻ ላይ ሳለች ደግሞ ከኮርኒሱ በላይ የሰው ኮቴ ይሰማታል።

«ማነው እላይ ያለው?»

«እኔ ምንም አልሰማሁም» ይላታል ዳይሬክተሩ።

ኮርኒሱ ላይ ድምፅ ማጉያ ደብቆ ኮቴውን የሚለቀው የድምፅ ባለሙያው ነበር፤ የዳይሬክተሩ ታናሽ ወንድም። ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገው ታላቁ ነው፤ ከቃሉ ወጥቶ አያውቅም።

በየጠዋቱ ማይክ የሚያስርላትም እሱ ነው። ዓይኗን ላለማየት የቀሚሷን ቁልፍ ያያል።

«አንተንም ምን በደልኩህ?» አለችው አንድ ቀን። ማይኩን አስሮ ሄደ።

በእረፍት ሰዓት፣ ማይኩ እንዳልተዘጋ ሳታውቅ፣ ጓዳ ገብታ ከራሷ ጋር ታወራለች። «እንዴት ነሽ?» ትላለች። «ደህና፤ አንቺስ?» ብላ ራሷ ትመልሳለች። እሱ በጆሮ ማዳመጫው ይሰማል። እንዲህ እየሰማት ወደዳት።

አንድ ቀን «እንዴት ነሽ?» አለች። መልሱን ጠበቀ። አልመለሰችም።

ማዳመጫውን ጥሎ ጓዳው ድረስ ሄደ።

«ኮቴው የኔ ሥራ ነው» አላት። «ጫማሽንም የምንደብቀው እኛው ነን። ወንድሜ ነው ያዘዘን። ምንም አልሆንሽም፤ ጤነኛ ነሽ።»

ቀሚሷ ላይ የታሰረውን ማይክ በእጇ ያዘች።

«የማወራውን ትሰማ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«እና ዛሬ ነው አፍ ያወጣኸው?»

አንገቱን ደፋ።

«ና» አለችው። «እሱ ፊት ድገመው።»

ደገመው። ዳይሬክተሩ አልደነገጠም።

«እንዲህ ያለ ፍርሃት በልመና አይገኝም፤ ፊልሙን ገደልከው» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጡት ነካሽ» አለው። «ከዚህ ግቢ ከወጣህ ወንድም የለህም።»

ወጣ። እሷ የሙሽራዋን ቀሚስ ደረጃው ላይ ጥላ ቀድማው ሄዳለች። አውቶቡስ ውስጥ ደረሰባት። ቦርሳዋን አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጣለች።

«ልቀመጥ?»

«አልታረቅኩህም።»

«አውቃለሁ።»

«ነገም አልታረቅህም።»

«ነገም እጠይቅሻለሁ።»

ብዙ ፌርማታ ቆሞ ሄደ። በኋላ፣ ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ፣ ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች።

እስኪታረቁ ወራት ፈጀ። የሠርጋቸውን ጥሪ ለታላቅ ወንድሙ ወስዳ የሰጠችው እሷ ናት። ካርዱን ተቀበላትና አንድ ቃል ሳይተነፍስ በሩን ዘጋባት።

እጮኛዋ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። «ምን አለሽ?»

«ምንም» አለች ክንዱን እየያዘች። «አንተ ግን አውራኝ፤ እስከ ቤት ድረስ አውራኝ።»