አራተኛው አካውንት

ትርሲት በቆዳ ፋብሪካው መዝገብ ክፍል ሰባት ዓመት ሠርታለች፤ ከግቢው የሚነሳው የኖራና የከረመ ስብ ሽታ ከተዋሃዳት ቆይቷል፣ እንዲያውም አይሰማትም። ጠዋት ትገባለች፣ ጠረጴዛዋን ትወለውላለች፣ ኮምፒውተሯን ትከፍታለች። ኢሜይሏን ስትጽፍ ማሽኑ ሁልጊዜ «በየትኛው አካውንት ይገባሉ?» ብሎ ይጠይቃታል፤ ፋብሪካው ለአንድ ሠራተኛ አንድ ኢሜይል ብቻ ስለሚሰጥ የሰዓት መቆጣጠሪያው፣ የግምጃ ቤቱና የጥራት ምርመራው አካውንቶቿ ሦስቱም በዚያው አድራሻ ነው የተከፈቱት።

ረቡዕ ጠዋት አካውንቶቹ አራት ሆነው ጠበቋት። ከሦስቱ በላይ «ትርሲት ወልደየስ፣ መዘፍዘፊያ» የሚል ተጨምሯል። መዘፍዘፊያ ጥሬ ቆዳ በኖራ ውሃ ተነክሮ ጸጉሩን የሚለቅበት ምድር ቤት ነው፤ የእሷ እግር ረግጦት አያውቅም።

ለኮምፒውተር ባለሙያው ለሰይፈዲን ደወለች።

«ሰይፉ፣ ይሄ አራተኛው አካውንት የማን ነው?»

«ያንቺ ነዋ። እንዲያውም ዋናው እሱ ነው፤ ሌሎቹ ከሱ የተቀዱ ናቸው።»

«እኔ አልከፈትኩም እኮ!»

«ትርሲትዬ፣ ቀልዱን ተይው። ይኸው ገብተሽ እየጻፍሽበት ነው።»

አንድ እጇ ስልኩን ይዟል፤ ሌላው ጭኗ ላይ ነው።

ስልኩን ዘግታ የይለፍ ቃሏን ልትቀይር ስትል ጣቷ የኪቦርዱ ፊደሎች ላይ አዳለጣት። ጎንበስ ብላ አየች። በፊደሎቹ መሃል ባለው ክፍተት ሁሉ ነጭ ስብ ተጠቅጥቋል፤ ስቡ ላይ ደግሞ አጫጭር ጸጉር ተጣብቋል። በሶፍት ስትጠርገው ለብ ያለ ነበር፤ እየተሙለጨለጨ ጥፍሯ ሥር ገባ፣ ሰባት ዓመት ያልሸተታት ሽታ ባንድ ጊዜ ጉሮሮዋ ድረስ ወጣና የበላችው ቁርስ የቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ተገለበጠ። አፏን ጠርጋ የይለፍ ቃሉን ቀየረች። የማረጋገጫው መልእክት ወደ ኢሜይሏ ሲመጣ ግን ቀድሞ ተነቧል።

አራተኛውን አካውንት ከፈተችው። የቆዳ መዝገብ ነው። ፍየል፣ ፍየል፣ በግ፣ ፍየል። የዛሬው መስመር ላይ የእንስሳው ዓይነት ባዶ ሆኖ «ስቡ ተፍቋል፤ ተሰቅሏል» ይላል።

ወደ ምድር ቤት ወረደች። ከደረጃው ግርጌ ጀምሮ ወለሉ ጫማዋን ይይዝባት ነበር፤ በጨለማው ውስጥ ትላልቆቹ በርሜሎች በዝግታ ይዞራሉ፣ ሆዳቸው ውስጥ ያለው እርጥብ ቆዳ በዞሩ ቁጥር ጧ፣ ጧ እያለ ይወድቃል፣ አየሩም እንደ ተበላሸ መረቅ ምላሷ ላይ ይቀመጣል። ስብ ፋቂው ሽማግሌ ጋሽ ቱፋ ቢላዋውን በሽርጡ እየጠረገ ቀና አለ።

«ምነው ተመለስሽ ልጄ? ራስሽ ሰቅለሽው አሁን ወጣሽ እኮ።»

በአገጩ ወደ መንጠቆው አመለከታት። የተንጠለጠለው ቆዳ ጠበብ፣ ነጣ ያለ ነው፤ ከጫፉ ቢጫ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ጉድለቱ እንደ ደንቡ በሰማያዊ ቀለም ተከቦ፣ አጠገቡ በራሷ የእጅ ጽሑፍ «ጠባሳ፤ ደረጃ ሁለት» ተብሎበታል። ቀረብ ብላ አየችው፤ በስድስት ዓመቷ የፈላ ወተት ግራ ክንዷ ላይ ፈስሶ ጥሎባት የሄደው ቅጠል መሳይ ጠባሳ ነው።

ትርሲት የግራ እጅጌዋን ቀስ ብላ ሰበሰበች፤ ክንዷ ልሙጥ ነበር።