ግማሹን ያነበብኩት ወረቀት

በ1976 ዓ.ም. ቦሌ መንገድ ላይ ከተደረደሩት ቪላዎች ጀርባ፣ የቆርቆሮ ቤቶች በሚበዙበት በኩል የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ አራት ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ማኅተም እይዛለሁ። ከሦስቱ በጣም የምኮራበት ማኅተሙ ነበር። በዚያ ዘመን ያለ ቀበሌ ማኅተም ልጅ ትምህርት ቤት አይገባም፣ ድሃም በነፃ አይታከምም። የሕክምና ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ወረቀቱን ዘርግቶ ያቀርብልኛል፤ እኔም ከላይ እስከ ታች አነበዋለሁ። አንብቢ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ አታንብቢ ያለኝም የለም።

አንድ ጠዋት እትዬ ዘርፌ መጣች። አውሮፕላን ጣቢያ በጽዳት የምትሠራ፣ ባሏ ሽፈራው ከቪላዎቹ የአንዱ ዘበኛ የሆነ፣ ንግግሯ አጭር፣ ከማንም ጋር የማትጣላ ሴት ናት። ያመጣችው የልጇን የየሺአረግን ወረቀት ነው። ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ናት። በአፏ ዙሪያና በአገጯ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች በዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ወጥተውባታል። በፊት በፊት ጎረቤቱ ሁሉ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ሲያሻት ሰንብቶ ይለቃት ነበር። አሁን ግን ትኩሳት ስለጨመረባት እናቷ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። የጤና ረዳቱም በእንግሊዝኛ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ ሄርፒስ ሊሆን ይችላልና ቆዳና አባላዘር ክፍል ትታይ።

የበሽታውን ስም አላውቀውም። አባላዘር የሚለውን ግን አውቀዋለሁ። ከፊቱ ቆዳ የሚል እንዳለ አላየሁም ብል ውሸት ይሆናል፤ አይቼዋለሁ፣ ግን ቆዳ ወሬ አይሆንም። ሊሆን ይችላል የሚለውንም አይቼዋለሁ። ማኅተሙን አሳረፍኩና ወረቀቱን መለስኩላት። የዚያኑ ዕለት ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ። ሁላችንም እኮ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የምንነግረው። የእኔዋ አንድ ሰው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ጓድ ማሚቱ ነበረች።

ቅዳሜ ኅብረት ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ወሬው ከሰልፉ ይረዝም ነበር። ሰኞ ክፍል ውስጥ ከየሺአረግ ጋር የምትቀመጠው ልጅ ወንበር ቀየረች። ማክሰኞ የሺአረግ አፏን በነጠላ ሸፍና ሄደች። ረቡዕ ከቤት አልወጣችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ዘርፌ ነገሩን የሰማችው ከመንደሩ ሁሉ በኋላ ነው፤ የሰማችውም ከገዛ ባሏ አፍ።

ሽፈራው ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪ ነበር። የልጅቷን ኩባያና ሳህን ለይቶ መስኮት ላይ አስቀመጠ። ላምበረት በኩል አንዲት ልምድ ያላቸው አሮጊት አሉ፣ ወስደናት ይዩዋትና ክብሯ እንዳለ ይመስክሩልን፣ የሰውም አፍ ይዘጋ አላት። ዘርፌ በሩ ላይ ቆመች።

“ልጄን ማንም አሮጊት አያያትም። ይህን በር አልፋ ለዚህ ነገር ከወጣች እኔም እወጣለሁ፤ እኔ ግን አልመለስም” አለችው።

ሃያ ዓመት በትዳር ሲኖሩ እንዲህ ብላው አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ቢሮዬ ገባች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮህብኝ በተሻለኝ። የሚቀጥለው ሐሙስ የልጇ የሐኪም ቀጠሮ መሆኑን ነገረችኝና፣ “ግማሹን ያነበብሽው አንቺ ነሽ፤ መጥተሽ ቀሪውን ትሰሚያለሽ” አለችኝ። ሥራ አለብኝ አልኳት። “የእኔም ልጅ ትምህርት አለባት፤ ቀርታለች” ብላኝ ወጣች።

ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ዛሬም በደንብ አላውቅም፤ ምናልባት አፍሬ፣ ምናልባትም ወሬው እውነት ሆኖ እንዲያድነኝ ፈልጌ። ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ግን እንዲያ ነበር።

ሐኪሙ ልጅቷን ብቻዋን አነጋገራት፤ ከዚያ ፈቃዷን ጠይቆ እኛን አስገባን። የቀረችውን ቅርፊት በመብራት አየና እንዲህ አለ፦

“ይህ ነው ብዬ መማል አልችልም። ቁስሉ ደርቋል። ሄርፒስ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። ቢሆንም፣ የአፍ ሄርፒስን ብዙ ሰው የሚይዘው በሕፃንነቱ፣ ዘመድ ሲስመው ነው። ምች ከምትሉት ውስጥ ብዙው ይኸው ነው።”

እጄ ሳላዘው ወደ ከንፈሬ ሄደ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ከንፈሬን ምች ይመታኛል። ቢሮ ቁጭ ብዬ እያከክሁ ስንቱን ወረቀት አንብቤ ይሆን? በእኔ ላይ ግን ማንም ወንበር አልቀየረም፤ የእኔን የጻፈው ሐኪም የለማ።

ሐኪሙ ምክሩን ቀጠለ። ቁስሉ ትኩስ ሆኖ ውሃ ሲቋጥር ሰው አትሳም፣ ኩባያና ፎጣ አታጋራ፣ እጇን በሳሙና ትታጠብ፤ ሲደርቅ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ትኑር አለ። ቁስሉ ከተመለሰ ትኩስ ሳለ አምጧት ብሎ አዲስ የሕክምና ወረቀት ጻፈላት፤ ዓይኗ አካባቢ ከወጣ ግን ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል አንድ ቀን እንዳታሳድሩ ብሎ አስጠነቀቀ።

ከግቢው ስንወጣ የሺአረግ ቆመች። አፏ አሁንም እንደተሸፈነ ነው።

“እማዬ፣ በእመቤቴ ስም እምልልሻለሁ፣ እኔ ምንም ...”

“አልጠየቅኩሽም” አለቻት ዘርፌ። “መሐላሽንም አልፈልግም። ልጄ ለመሆን ንጹሕ ነኝ ማለት አይጠበቅብሽም። ያ ሐኪም ነገ የፈለገውን ስም ይስጠው፣ አብሬሽ ነው የምመጣው።”

ልጅቷ መንገድ ላይ አለቀሰች። እኔ ከኋላ ሆኜ አንገቴን ደፍቼ ተከተልኳቸው።

ጓድ ማሚቱ ግን ነገሩን አልለቀቀችውም። የሺአረግ እሑድ በቀበሌው አዳራሽ ቀርባ ግለሂስ ታድርግ፣ እስከዚያ አዲሱ ወረቀቷ ላይ ማኅተም እንዳታሳርፊ ብላ አዘዘችኝ። እሺ አልኳት። ያኔ እሺ ማለት የማያውቅ የቀበሌ ጸሐፊ አልነበረም።

ቅዳሜ ማታ ቁስሉ ተመለሰ፤ የወጣው ግን የግራ ዓይኗ ቆብ ላይ ነበር። ዘርፌ እሑድ በማለዳ ልጇን ይዛ አዳራሹ ስትገባ የልጅቷ ዓይን ቀልቶ ተከድኗል። ሰው ሞልቷል። ሽፈራው ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ማሚቱ ከመድረኩ ላይ ሆና የወጣት ሴቶቻችንን ሥነ ምግባር መጠበቅ ስላለብን ወላጅ የምርመራውን ውጤት ለጉባኤው ያሳውቅ፣ ይህም ለራሷ ለልጅቷ ጥቅም ነው አለች። ከልቧ የምታምንበት ይመስለኛል። ሰው በጣም የሚጎዳው ደግሞ ለጥቅምሽ ነው እየተባለ ነው።

ዘርፌ አልተቀመጠችም።

“ልጄ ዓይኗን ታማለች” አለች። “የመጣሁት ለማኅተም ነው፤ አድርጉልኝና ልሂድ። ግለሂሱ ምንድን ነው? በመታመሟ ነው የምትወቀሰው? ውጤቱ የልጄ ነው። ጥሩም ቢሆን አላነብላችሁም፤ መጥፎም ቢሆን አላነብላችሁም። ዛሬ ንጹሕ ናት ብዬ ካነበብኩላችሁ ነገ የሌላዋን ልጅ ወረቀት ልታስነብቡ ነው።”

እኔ ተነሣሁ። ከሐኪሙ ዘንድ እኔም ነበርኩ፣ ልጅቷ ምንም ... ብዬ ስጀምር ዘርፌ ዞር አለችብኝ።

“ስለ ልጄ አትመስክሪ። ስለራስሽ ተናገሪ።”

ስለራሴ ተናገርኩ። ወረቀቱን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ “ሊሆን ይችላል” የሚለውን “ነው” ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ የነገርኳትም ሰው ራሷን ታውቃለች አልኩ። በዚያ አዳራሽ ብዙ ግለሂስ ሰምቻለሁ፤ ሰው እንዳይጠላው ብሎ የሚናገረው ነበር። የእኔ ያን ቀን እንዲጠሉኝ ነበር። ከዚያም ማኅተሙን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ዘርፌ ወረቀቱን ስትሰጠኝ የልጇ ስም ብቻ እንዲታይ አድርጋ አጥፋው ነበር፤ እንደታጠፈ ማኅተሙን አሳረፍኩበት።

“ጓድ ወይንሸት፣ ይህ በማን ትእዛዝ ነው?” አለች ማሚቱ።

“በማንም” አልኳት።

ሽፈራው ከግድግዳው ተላቀቀ። በሰው መካከል አልፎ መጥቶ የልጁን እጅ ያዘና ይዟት ወጣ። ለብዙ ቀናት በመንደር ያላሳየውን ፊቱን ሁሉም አየው። ዘርፌ ወረቀቱን ይዛ ተከተለቻቸው።

ዓይኗ ተረፈ። ሐኪሙ አንድ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ነበር አሉ። የሺአረግ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትምህርቷን ቀጠለች፤ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ባዶ ወንበር ካለበት ራሷ መርጣ ተቀመጠች። እኔ ከጸሐፊነት ተነሣሁ። ይገባኝ ነበር፤ ያነሱኝ ግን ስላነበብኩ ሳይሆን በታጠፈው ላይ ስላተምኩ ነው። ይኸኛው እስካሁን ያናድደኛል።

እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ ስሙ በቅጡ ያልታወቀ በሽታ ይዟት ስትመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ከየት አመጣሽው አይሁን። ሐኪም እንኳ አላውቅም ሲል እናንተ አውቃችሁ አትፍረዱ። እስኪጣራ ብላችሁም ፍቅራችሁን አታቆዩባት፤ አንዳንዱ ነገር ላይጣራ ይችላልና። የሰው ወረቀት በእጃችሁ የሚያልፍ ሁሉ ደግሞ ሥራችሁን ሠርታችሁ ዓይናችሁን አንሡ።

መጨረሻው ምን ሆነ፣ ሄርፒስ ነበር ወይስ አልነበረም ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ፤ እኔም በእናንተ ቦታ ነበርኩ። ዘርፌ ጎረቤቴ ናት፣ የሺአረግም ዛሬ የልጆች እናት ሆና ስታገኘኝ ታቅፈኛለች። ዓመታት አለፉ፤ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም።