ጫማውን ያላወለቀው ሟች

ቀነዓ የተገኘው አልጋ በተገጠመለት ብርማ መኪና ውስጥ፣ ከአልጋው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ፊቱ የሞተ ሰው ፊት አይመስልም፤ ዳገት ሮጦ እንደደረሰ ሰው ቀልቷል። ጫማው በእግሩ ነው፣ ማሰሪያውም ተቋጥሯል። ከደረት ኪሱ አንድ ነጭና አንድ ቀይ ጠመኔ ብቅ ብሏል።

ኢንስፔክተር ጫንያለው በሩ ላይ ቆሞ ወለሉን አተኩሮ አየ። ኪራሙ ተወልዶ ነቀምቴ ላይ የሸበተ ሰው ነው፤ ምርመራን የተማረው ሰው ሲያወራ አፉን ዘግቶ በማዳመጥ ነው። ዛሬ ግን ዝምታውም አልጣመውም። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው፣ የስልኩ ባትሪ አልቋል፣ የሐምሌ ዝናብ በአንገቱ ገብቶ ወገቡ ደርሷል፣ ከኋላው ደግሞ ኮማንደሩ ይቸኩላል።

«ጄነሬተሩ እዚሁ መኪና ሥር ነው የተገኘው» አለ ኮማንደሩ። «ጭሱ ገባ፣ ሰውየውን አፈነው፣ ሞተ። የግቢው ጥበቃ አስነስቶት ጥሎ ሄዷል፣ ጥበቃው ታስሯል። ምኑ ነው የሚያስቆምህ?»

«ወለሉ፣ ጌታዬ።»

«ወለሉ ምን ሆነ?»

«የጫማው ሶል ቀይ ጭቃ ብቻ ነው። ወለሉ ላይ ግን አንዲት ዱካ የለችም።»

«እንግዲያው በክንፍ በርሮ ገባ በላ! ስማ፣ የሐኪም ውጤት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ይፈጃል። እኔ ወር አልጠብቅም። ሰኞ ጠዋት ዶሴው ዐቃቤ ሕግ ጋ ይሄዳል።»

ዕለቱ ዓርብ ነበር።

ኮማንደሩ ሲወጣ ጫንያለው ጎንበስ ብሎ የሟቹን ጫማ ፈታ። ጫማው ጠንካራ ነው፣ ውኃ አያስገባም። የካልሲው ሥር ግን ርሷል፣ ቡናማ የእንጨት ብናኝም ተለጥፎበታል። አሸተተው፤ የሻገተ ጣውላ ይሸታል። መዳፉን በመኪናው ወለል ላይ አሳረፈ። ድርቅ ያለ ነው።

ነገሩ የመጣው ከዓይን ሕክምና ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ነርሶች ይዞ ከኡኬ እስከ ኑኑ ቁምባ የሚዞር መኪና ፈለገ። አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው፣ የከተማው ሰው «ቪላ መኪና» የሚለው ዓይነት ነው። ከውጭ ተገልግሎባቸው የገቡ ሁለት ቪላ መኪናዎች ለሽያጭ ቀረቡና በአንድ ግቢ ውስጥ በር ለበር ተፋጥጠው ቆሙ። የትኛው በደንብ እንደተሠራ እንዲፈርድ የተመረጠው ቀነዓ ነበር። በነቀምቴ የመኪና አካል በመሥራት የሚስተካከለው አልነበረም። ደህናውን ቦታ በነጭ ጠመኔ፣ የተበላሸውን በቀይ ያሰምራል። ብርማው መኪና ከጣሪያ እስከ ጎማ ነጭ ምልክት ሞልቶታል። ነጩ መኪና ላይ ግን አንድም ምልክት የለም።

ጥበቃው ኢፋ በእስር ክፍሉ ጥግ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል።

«አከም ጂርቱ፣ ኦቦ ኢፋ?»

«ገለተ ዋቃ፣ ተመስገን። በሕይወት አለሁ» አለ ሽማግሌው። «ልጄ፣ ሰው ገደልክ ይሉኛል። እኔ ዶሮ ሲታረድ ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ።»

«ጄነሬተሩን የት አስቀመጡት?»

«መጋዘኑ ግድግዳ ሥር። ከመኪኖቹ ሃያ እርምጃ ይርቃል። ቀነዓ ለመብራቱ ሽቦ ስቦ ወሰደ። ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ቤንዚን ሊያልቅ ሲል ጀሪካኔን ይዤ ወጣሁ። ማደያው ሰልፉ እስከ አደባባይ ነው! አሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ ጄነሬተሩ ብርማው ሥር ጠፍቶ ተቀምጧል፣ ቀነዓም…» ጉልበቱን በሁለት እጁ አቀፈ። «ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ ሰኞ ወህኒ ከገባሁ በዚህ ዕድሜዬ አልወጣም።»

«የመኪናውን ወለል ጠርገዋል?»

«በየትኛው ጊዜዬ?»

ጫንያለው ከእስር ቤቱ ሲወጣ ጥርሱን ነክሶ ነበር። አምኖታል፤ እምነት ግን ለዐቃቤ ሕግ ማስረጃ አይሆንም።

የብርማው ባለቤት ሶረቲ ቀድሞ ቱሪስት ታጓጉዝ ነበር። መንገዱ ሲበላሽ እንግዳውም ሥራውም ቀረባት።

«ሰው የሞተበት መኪና ማን ይገዛኛል?» አለች በንዴት። «ለመሆኑ ጭሱ በየት ነው የገባው? የእኔ አጥንቱ አሉሚኒየም፣ ወለሉ አንድ ወጥ ፋይበር ነው። ወንበሩ ተቀዷል፣ ምድጃው አርጅቷል፣ አልዋሽም። አካሉ ግን እንደ እንቁላል ነው። ቀነዓ ራሱ ‹አዴ ሶረቲ፣ ይሄ ከእኛ በኋላም ይኖራል› ብሎኛል።»

«የሮቤራ ነጩ መኪናስ?»

«የሮቤራ ሙሽራ ነው። ቬሎውን ስታነሣው እንጨት ነው።»

የነጩ ባለቤት ሮቤራና መኪናውን ከአዲስ አበባ ያገናኘው ደላላ ገላና በሆቴል በረንዳ ላይ አብረው ተቀምጠው አገኛቸው።

«ሶረቲ ቀንታ ነው!» ሮቤራ የሴትየዋን ቃል ሲሰማ ዘሎ ተነሣ። «የእኔን መሳቢያ ገፋ ያድርጉት እስቲ፤ በቀስታ፣ ያለ ድምፅ፣ ራሱ ይዘጋል! ቧንቧው ወርቅ ነው የሚመስለው። ደግሞ ቀነዓ አብሮ አደጌ ነው፣ ሚዜዬ ነበር። ትናንት ከሰዓት የዕድራችን ቀብር ላይ አስከሬን ተሸክሜ ነበር። ሁለት መቶ ሰው ይጠይቁ።»

«እርስዎስ፣ ኦቦ ገላና?»

ደላላው የተጫማውን የሚያብረቀርቅ ጫማ አየት አደረገ። «እኔ ከዚህ ሆቴል አልወጣሁም። ሟቹን በር ላይ አንድ ጊዜ ሰላም ብዬዋለሁ፣ በቃ። ወደ ነጩ መኪናም ገና አልደረሰም ነበር። ያሳዝናል።»

የሆቴሉ አስተናጋጅ «ወጥቶ ይሁን ተኝቶ እኔ አላየሁም፤ ዝናብ ነበር» አለች። ሁሉም ሰው በዚያ ዝናብ ምንም አላየም። ጫንያለው መኪና አጥቶ በእግሩ ሲመለስ ጭቃው ጫማውን ሁለት ጊዜ አወለቀበት፤ በሁለተኛው ከአፉ ሊወጣ የነበረውን ቃል በመዝሙር ዋጠው። ጫማውን ከጭቃው ሲመዝዝ ግን ድንገት ቀጥ አለና መንገዱን ወደ ሟቹ ቤት አዞረ።

ዱረቲ፣ የቀነዓ ሚስት፣ ለቀስተኛውን ትታ ጓዳ ይዛው ገባች።

«አዴ ዱረቲ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀነዓ ሥራ ላይ ጫማ ያወልቅ ነበር?»

ሴትየዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስትገልጠው በእንባዋ መሀል ፈገግታ መሰል ነገር ነበር። «ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅበት የኖረው በምን ሆነና? መኪና ውስጥ በጫማ ገብቶ አያውቅም። ‹እግሬ ከጆሮዬ በፊት ይሰማል› ይላል። ወለል የሚመረምረው በካልሲ እየተራመደ ነው። ሶረቲም፣ ሮቤራም፣ ኢፋም ‹ዛሬም መስጊድ ገባህ?› እያሉ ይቀልዱበታል።»

ቅዳሜ ጠዋት ጫንያለው እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል በቆርቆሮ ጣሳ አያይዞ ብርማው መኪና ሥር አስቀመጠና ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሰዓት የሚያይበት ስልክ ስላልነበረው አባታችን ሆይን ሃያ ጊዜ ደገመ። ሽታ እንኳ አልገባም። ጣሳውን ወደ ነጩ መኪና ኋላ ወሰደው። በነጩ ውስጥ የመጀመሪያውን ጸሎት «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ሲደርስ ጭሱ ዓይኑን አቃጠለው። ሊወጣ ሲል በሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ከቁልፉ አጠገብ፣ በካቻቢቴ የተቧጨሩ አዲስ ጭረቶች አየ። እጁን እዚያ ላይ አድርጎ ጥቂት ቆየ።

እሑድ ከቅዳሴና ከአምልኮ በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰባቸው፤ ሶረቲን፣ ሮቤራን፣ ገላናን፣ ዱረቲን፣ በካቴና ያለውን ኢፋንና ያኮረፈውን ኮማንደር።

«አንድ ውለታ» አለ። «ጫማችሁን አውልቃችሁ ነጩ መኪና ውስጥ ግቡ፤ እስከ መጨረሻው እለፉ።»

«ጸሎት ቤት ነው እንዴ?» ኮማንደሩ አጉረመረመ፤ ግን አወለቀ።

ሮቤራ በባለቤት ኩራት ቀድሞ ገባ። አልጋው አጠገብ ሲደርስ ያማረው ምንጣፍ ሥር ወለሉ እንደ ረግረግ ጠለቀና ቀኝ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዋጠው። «ዋቀዮ! ምንድን ነው ይሄ?» ካልሲው ቡናማ ውኃ ያንጠባጥባል። ከኋላው የተከተለው ገላና ግን ከበሩ ጀምሮ ጠርዙን ይዞ ነበር። በእጁ መደርደሪያውን ተደግፎ፣ ግድግዳውን ታክኮ፣ ረግረጉን በጠባቡ ጠርዝ ዞሮ አለፈ።

«እዚያው ይቁሙ፣ ኦቦ ገላና» አለ ጫንያለው። «ሮቤራ የተዋጠው ከፊትዎ ምንጣፍ ላይ ነው። እርስዎ ግን ገና ከበሩ ሲገቡ ጠርዝ ይዘው ነበር። ማን ነገረዎት?»

«እ… ሲሰምጥ አየሁ።»

«ከመስመጡ በፊት ነው የዞሩት። እኔ ያየሁት እግርዎን ብቻ ነው።»

ኮማንደሩ ክንዱን አጣጠፈ። «ቀጥል።»

«ቀነዓ የሞተው ብርማው ውስጥ አይደለም፤ የብርማው ወለል ጭስ አያስገባም፣ ሞክሬዋለሁ። የሞተው እዚህ ነው። ካልሲው ላይ ያለው ብናኝ የዚህ ወለል ነው። የዚህ መኪና አጥንት እንጨት ነው፤ ከጣሪያው መጋጠሚያ የገባው ውኃ አበስብሶታል። አንድ ሰው ላዩን በአዲስ ምንጣፍ ሸፍኖ ለሮቤራ ሸጠለት። ሐሙስ ዕለት ቀነዓ በእግሩ አገኘውና ምንጣፉን ገልጦ በቀይ አሰመረ። ያ ሰው መጣ፤ ምልክቱን አጥፋ አለው፣ ቀነዓ እንቢ አለ። ኢፋ ቤንዚን ፍለጋ ሄዷል፣ ዝናቡ መስኮት አስዘግቷል። ሰውየው በሩን ከውጭ ቆለፈ፣ ጄነሬተሩን እዚህ ጥግ ሥር ጎተተ። ቀነዓ በካቻቢቴ ቁልፉን ሊሰብር ሞክሯል፤ በሩ ላይ ጭረቱ አለ።»

ዱረቲ በእጇ አፏን ያዘች።

«ከዚያ አስከሬኑን በር ለበር ወደ ብርማው አሻገረ፣ ጄነሬተሩን አስከተለ፣ ቀዩን ጠመኔ በእርጥብ ጨርቅ አበሰ። ዱካውን ሲጠርግ የሟቹንም አብሮ ጠረገ። አንድ ስሕተት ሠራ፤ ጫማውን አደረገለት። ሶረቲ አታደርገውም፣ ሮቤራ አያደርገውም፣ ኢፋም። ሁሉም ቀነዓ በጫማ እንደማይገባ ያውቃሉ። ይህን የማያውቅ፣ ወለሉ መበስበሱን ግን የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

«አንተ!» ሮቤራ እግሩን ከወለሉ ነቅሎ ተንደረደረ፤ ኮማንደሩ ያዘው። «ቤቴን ሸጬ ነው የገዛሁት! ሚዜዬን!»

ዱረቲ ገላና ፊት መጥታ ቆመች። አልጮኸችም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለችው። «ጫማውን ለምን አደረግክለት?»

ደላላው ካልሲውን አየ።

«በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ጫማው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ሳይሰማ ሊቀር ምንም አልቀረው። «ሰው በባዶ እግሩ ሲገኝ… ያሳፍራል ብዬ።»

ኮማንደሩ ከኪሱ ቁልፍ አወጣና የኢፋን ካቴና ፈታ፤ ያንኑ ካቴና ገላና እጅ ላይ ሲያስር ጫንያለውን ላለማየት ጥረት አደረገ።

«ወር አልፈጀም» አለ ጫንያለው፣ ሦስት ቀን የዋጠው ብስጭት በዚህች ብቻ ወጣለት።

ኢፋ ነፃ የወጡ አንጓዎቹን እያሻሸ ጫማውን ፈለገ፤ አገኘው፤ ግን አላደረገውም። ዱረቲ ከባሏ ዕቃዎች ጋር የተመለሰላትን ቀይ ጠመኔ ከቦርሳዋ አወጣችና በካልሲዋ ወደ መኪናው ጥግ ሄደች። ሮቤራ ምንጣፉን ገለጠላት። ጎንበስ ብላ፣ ጫን አድርጋ፣ በበሰበሰው ጣውላ ላይ አሰመረች፤ እርጥቡ እንጨት ጠመኔውን አልቀበል ሲላት ደጋገመችው፣ እስኪይዝ ድረስ።