ወደ ኋላ የሚያየው ቀዛፊ

«አግቢኝ» ሲላት እጇ ጭቃ ነበር።

ቀዛፊው ጀልባውን ዳር አስጠግቶ መልስ ይጠብቃል። አትክልተኛዋ ቀና አለች። የዚያ የሐይቅ ዳር ትልቅ ፓርክ ግማሹ የእጇ ሥራ ነው፤ ይህን ከራሷ አፍ ያልሰማ ደግሞ የለም። ኩሩ ናት። ሲያምርባትስ!

«መጀመሪያ ፓርኩን በእግርህ ከእኔ ጋር ዙር» አለችው። «የተከልኩትን ሳታይ አውቅሻለሁ አትበለኝ። መልሱን መውጫው በር ላይ እነግርሃለሁ።»

እሑድ ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ መጣ። እሷም ጀመረች።

«ይሄ ጽድ ስተክለው ከጉልበቴ አይበልጥም ነበር። ያ ጽጌረዳ ሁለቴ ደርቆብኝ፣ በእልህ ነው ያጸደቅኩት።»

«ጎበዝ» ይላታል። ትንሽ ይራመድና ግን ዞሮ ወደ ኋላ ያያል። ድልድዩ ላይ ዞረ። ቀርከሃው መሃል ዞረ። የልጆቹ መጫወቻ ጋም እንደዚያው።

ከእኔ ጋር መታየት አፍሮ ይሆን እንዴ... አለች በልቧ። ሆድ ባሳት። ኩሩ ሰው ሲከፋው አይጮህም፤ ዝም ይላል። የምትሳሳለትን፣ ቢጫ አበባ ያለበሰችውን የውሃ ዳር ዳገት እንኳ ቃል ሳትተነፍስ አለፈችው።

እሱ ግን ቆመ።

«ይሄንንስ አትነግሪኝም?»

«ለማን ብዬ? ዓይንህ ኋላ ነው ያለው። የምትሸሸው ሰው ካለ ንገረኝ፣ በሌላ በር ላስወጣህ።»

ቀዛፊው ክው አለ። ከዚያ ሳቁ መጣና ዋጥ አደረገው።

«የኔ ቆንጆ፣ ቀዛፊ እኮ ነኝ። የምንቀዝፈው ለምንሄድበት ጀርባችንን ሰጥተን ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ቦታ የማየው ካለፍኩት በኋላ ነው። ካልዞርኩ ያየሁት አይመስለኝም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄ ዳገትሽ ደግሞ... ከዳር ስነሳ መጨረሻ ላይ ከዓይኔ የሚጠፋው እሱ ነው። ተሳፋሪዎቼን ‹እስቲ ዞር በሉ፣ ይሄን የተከለችውን ልጅ አውቃታለሁ› እላቸዋለሁ። ኮርቼብሽ ነው የምውለው።»

እንባዋ መጣ። አልደበቀችውም። እጁን ይዛ እስከ በሩ ሄደች።

በሩ ላይ ሊወጡ ሲሉ እሷም ዞረች። ሁልጊዜ ጎንበስ ብላ ፊቷ ያለውን መደብ ስትኮተኩት ኖራ፣ የለፋችበትን ሁሉ አንድ ላይ አይታው አታውቅም። ዛፎቹ፣ መንገዱ፣ ቢጫው ዳገት፣ ከወዲያ ውሃው...

«ይሄን ሁሉ የተከልኩት እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ እንጂ ማን ይሆናል?»

ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ደረቷን ነፋች።

«እሺ፣ አገባሃለሁ። ቅዳሜ ቤት መጥተህ አባዬን አነጋግር። ስትገባ ግን አደራ፣ ወደ ኋላ እንዳትዞር። ሊሸሽ ነው ብሎ በሩን ይቆልፍብሃል።»

«ይቆልፍብኝ» አለ ቀዛፊው።